የእንየው ፕሮፎርማ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ኩርፊያ ያሞቀን
ቦይለር ማክሰኞ ሌሊት ሆዱ ተቀደደ፤
ዝገት የጠጣ ውሃ በኮሪደር አድርጎ ሳሎን ወረደ።
ውብአንተ በምርኩዙ፣ እኔ በባልዲ፣ ቫልቩ አልዘጋም ብሎ፣
እንየው ደረሰ ከማራኪ በእግሩ፣ በዝናብ ቸኩሎ።
ዘጋልን። ሄደ።

ሐሙስ ወረቀት ላከ፣ ማኅተም ያለበት፣
ማኅተሙ ደብዝዞ ግንብ ይሁን ቧንቧ ያልተለየበት፦
ቦይለር ባለ ሰማንያ ሊትር፣ ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ፤
ሴፍቲ ቫልቭና ፍሌክሲብል፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ፤
የእጅ ዋጋ፣ ሦስት ሺህ አምስት መቶ።
ድምር፦ ሠላሳ ሺህ። ድፍን።

እኔ ደግሞ በዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል
ሠላሳ ዓመት ደረሰኝ ስገልጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤
ድፍን ቁጥር ሳይ እጄን ነው የሚበላኝ።
እውነተኛ ዋጋ ጅራት አለው፤ አሥራ ሰባት ብር፣ ስልሳ ሳንቲም
ከኋላው ይጎትታል፤ ድፍኑን ሰው እንጂ ገበያ አይጽፈውም።

«ይሄ ልጅ በልቶናል» አልኩት ለውብአንተ።
«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» አለኝ እግሩን እያሸ።
«እሷ ያፈሰሰችው የራሷን ነው፤
ይሄ ግን የጡረታችን ብር ነው።»

ጃንጥላዬን ይዤ አራዳ ወጣሁ።
የመጀመሪያው ሱቅ አሥራ ዘጠኝ ሺህ አለኝ፤
ደስታዬን ዋጥ አድርጌ በጣቴ ባንኳኳው
እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸብኝ ቆርቆሮው።
ዋስትናውን ብጠይቅ «ዋስትናው እኔ ነኝ» አለ ባለ ሱቁ፤
ገና ጢም ያላወጣ ልጅ፣ እሱንስ ማን ይዋሰው?

ሐጂ ኑርሁሴን ዘንድ፣ ያው እንየው የጻፈው ዓይነት፣
ሃያ ሁለት ሺህ።
ደሜ ፈላ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ!
ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማኅተም አስመትቶ!
ሐጂ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ዳሰሱ፦
«ቫልቩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ገብቷል፤
ያምናውን ዋጋ ጽፎ በዚህስ የከሰረ እሱ።»

ጎረቤቴ ትርፌ ለእጅ የከፈለችው ሁለት ሺህ ነው።
የሷ ግድግዳ ግን ብሎኬት፣ የኛ ድንጋይ፤
ቧንቧችንም የአባቴ ዘመን ፌሮ።
(ይህን ትርፌ አታነሳም፤ በርካሽ አሠራሁ ማለት ደስ ይላል።)

ቁልቁለቱን ስወርድ ደመርኩ፣ ቀነስኩ።
የተረፈው ሁለት ሺህ አንድ መቶ። የት ገባ?

እንየውን ጠራሁት። ጫማውን በረንዳ አውልቆ ቆመ።
«ሁለት ሺህ አንድ መቶው ምንድን ነው?»
ካልሲው በአውራ ጣቱ በኩል ተቀዷል፤ እሱን እያየ
«የማክሰኞ ሌሊት ነው፣ እትዬ» አለ።
«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»
«ሌሊት እንዴት ይጻፋል? ስንት ሊትር ይባላል?»

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ገልጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልገጠመኝም።
ያን ሌሊት «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬው ነበር፤
እሱም በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ አላውቅም።

እስክሪብቶ አወጣሁ። ቦይለሩን ዝቅ፣ ቫልቩን ከፍ አደረግኩ፣
ከእጅ ዋጋው ሥር በራሴ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመርኩ፦
«የማክሰኞ ሌሊት፣ በእግር፣ በዝናብ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ»።
ስድስት መቶው ቀረ። አልተከራከረም፤
ለምን እንዳልተከራከረም አልጠየቅኩትም።
ድምር፦ ሃያ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ።
ጅራት ያበቀለ ቁጥር። ፈረምኩ።

ቅዳሜ ተሰቀለ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሚዜ ይመስል።
የቀበሌያችን የውሃ ተራ ግን ገና ረቡዕ ነው።
«ሳይሞላ እንዳትሰኩት፣ ይቃጠላል» አለ እንየው በር ላይ፤
ደረጃው ላይ ደገመው፤ ከመንገድ ዞሮ ሦስተኛ ጮኸ።
ይህን አላስከፈለም።
ውብአንተ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ባዶውን ቦይለር ያያል፤
እኔ ሶኬቱ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣
እስከ ረቡዕ።